ለፍሬሕይወት ካሜራ የመረጥንበት ሁለት ቀን

አብርሃም ሁለቱን ካሜራዎች በአንድ ፌስታል አድርጎ ሰጠን። በሐይቅ ዳሯ ከተማችን፣ ፒያሳ ውስጥ፣ የካሜራና የስልክ ዕቃ መሸጫ አለው። ለስምንተኛ ክፍል ፈተናው ጉርድ ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ስለነበርኩ መያዣ አልጠየቀንም።

«እትዬ አስካለ፣ እስከ ነገ ጠዋት ሞክሯቸው። አንዱን ትወስዳላችሁ፣ አንዱን ትመልሳላችሁ» አለኝ።

«ይዘን ብንጠፋስ?»

«እርስዎ? እርስዎ እኮ የተኛ ድመት እንኳን ሳያስፈቅዱ አያነሱም።»

ልጄ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከሱቁ ስንወጣ ግን ደረጃውን በእግሬ ፈልጌ ነው የወረድኩት።

ካሜራው ለልጄ ለፍሬሕይወት ነው። በአካውንቲንግ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ስታነብና ማመልከቻ ስታስገባ ኖረች። አንድ ቀን እራት ላይ «እማዬ፣ ያንቺን ሥራ ልሥራ?» አለችኝ። ሌላ እናት ብትሆን ደስ ይላት ነበር። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። የፈረሰ ቤት ውስጥ አስገቢኝ ያለችኝ ያህል ነበር የተሰማኝ። ጉርድ ፎቶ ዛሬ የለም። መታወቂያውም ፓስፖርቱም እዚያው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ነው የሚነሳው። ልደቱን፣ ክርስትናውን፣ ምርቃቱን ሁሉም በስልኩ ያነሳል። የቀረው ሐይቅ ዳር የሚዝናኑ ፍቅረኛሞችና ሠርግ ነው፤ እሱንም መቶ ወጣት ይሻማበታል።

ግን እምቢ አላልኳትም። እምቢ ብዬ የምሰጣት ሌላ ነገር አልነበረኝም።

የዓይን ሐኪሙ በሽታው ግላኮማ ነው ብሎኛል። «የሄደው አይመለስም እናቴ። የቀረውን እናቆየው፤ ጠብታውን እንዳያቋርጡ» ነው ያለኝ። ቀኝ ዓይኔ፣ ያ የሥራ ዓይኔ፣ ሄዷል ማለት ይቻላል። ግራው ደግሞ እየተከተለው ነው። ጠብታ እንደማደርግ ፍሬሕይወት ታውቃለች፤ ምን ያህል እንደሄደ ግን አልነገርኳትም። አዲስ ከተማ ሰፈር የነበረችኝን ፎቶ ቤት ባለፈው ዓመት የዘጋሁት በዚህ ምክንያት ነው። ደንበኛ ስለጠፋ ነው ብዬ ለሰው ተናግሬያለሁ፤ እሱም ውሸት አይደለም።

ታዲያ በቀረችኝ ብርሃን ለልጄ ካሜራ ልምረጥላት ብዬ አሰብኩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በሥራው ቆይቼ የማወርሳት ቢኖር መምረጥን ነው። ስለ ሥራዬ ዛሬ የምጽፈውም በዚያ ሁለት ቀን ምክንያት ነው።

*

ፎቶ ቤት የገባሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ፒያሳ፣ ጋሽ በላይነህ ዘንድ። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ደረሰኝ ለመቁረጥ ነበር። ከወር በኋላ «እጅሽ አይቸኩልም» አሉና ጨለማ ክፍል አስገቡኝ። እዚያ ቀይ አምፖል ሥር ወረቀቱን ከአንዱ ውኃ ወደ ሌላው እያዛወርኩ ፊት ከነጭ ውስጥ ሲወጣ አየሁ። የመጀመሪያውን ቀን አማተብኩ። ጋሽ በላይነህ አላፌዙብኝም። «እኔም እንደዚያው ነበርኩ» ብቻ አሉኝ።

ጋሽ በላይነህ ብዙ አይናገሩም። ደንበኛ ሲገባ ካሜራውን አይነኩም። ስሙን ይጠይቁታል፤ ከዚያ «ና እስቲ በር ድረስ» ብለው ወደ ውጭ ያወጡታል። በፀሐይ ብርሃን ፊቱን ያዩታል። ሰውየው ግራ ይገባዋል፤ ዕዳ ያለበት የሚመስለውም አለ። ተመልሰው ሲገቡ ነጌቲቩ፣ የታጠበው ፊልም፣ በሚቀመጥበት ፖስታ ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ። «ጠይም። ግራ ቅንድብ ላይ ጠባሳ።» «ቀይ ዳማ። ፊቱ ብጉር አለው፣ እንዳለ ይተው።» «ጥቁር፣ ጥርት ያለ ጥቁር።»

«ለምን ይጽፉታል? ፎቶው ላይ ይታይ የለ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ፎቶው ላይ የሚታየው ወረቀቱን ያጠበው ሰው የፈለገው ነው። አንድ ሰከንድ አብዝተሽ ብታስቆዪው ጠይሙ ጥቁር ይሆናል፤ ብትቸኩዪ ቀይ ይሆናል። ሰውየው ከአምስት ዓመት በኋላ ቅጂ አውጪልኝ ብሎ ደብዳቤ ቢልክ ማንን ታያለሽ?»

ሥራው ይሄው ነበር። ፊልም ስለ ጥቁር ፊት ብዙ አያውቅም። ከኋላ ነጭ ግድግዳ ካለ ፊቱ ይጨልማል፤ ፊቱን ለማውጣት ከሞከርሽ ነጠላው ነጭ ብቻ ሆኖ ይቃጠላል። በነጠላውና በፊቱ መካከል ያለችውን ቀጭን ቦታ ማግኘት ነው ሙያው። ጋሽ በላይነህ መሃረባቸውን ደንበኛው ጭን ላይ ጣል ያደርጉ ነበር፤ ከታች ትንሽ ብርሃን ወደ አገጩ እንዲመልስ። ሌላ መሣሪያ የላቸውም።

አንድ ጊዜ አንዲት ሙሽራ አሳምሪኝ ብላ ለምናኝ፣ እኔም ቀላ አድርጌ አጠብኩላት። ጋሽ በላይነህ ፖስታውን አነበቡ፣ ፎቶውን አዩ፣ ከዚያም ለሁለት ቀደዱት።

«አሳምሬያት ነው እኮ» አልኳቸው።

«እሷ የት አለች?» አሉኝ። እንደገና አጠብኩት።

እሳቸው ሲሞቱ ልጆቻቸው ፎቶ ቤቱን ለአንድ ነጋዴ ሸጡት። ነጋዴው የከለር ማጠቢያ ማሽን አስገባ። ደመወዜም ጨመረ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ለፋሲካ ለእያንዳንዳችን ዶሮ ይሰጠን ነበር። ግን ማሽኑ ላይ ያሉትን ቁልፎች አሳይቶ «ደንበኛ ቀላ ማለት ከፈለገ ቀላ ይበል። አንቺ ቁልፉን ተጫኚ» አለኝ። ተጫንኩ። ሰዎቹ ደስ እያላቸው ወጡ። በር ድረስ ማውጣቱ ጊዜ ይፈጃል ተባለና ቀረ። በፖስታው ላይም መጻፍ ቀረ። የጋሽ በላይነህ የፖስታ ካርቶኖች ግድግዳ ሲታደስ የት እንደተጣሉ አላውቅም። እኔም አልጠየቅሁም።

ባለቤቴ በሞተ በዓመቱ፣ ፍሬሕይወት ገና ትምህርት ቤት ስትገባ፣ የራሴን ትንሽ ክፍል አዲስ ከተማ ተከራይቼ ከፈትኩ። አንድ ዲጂታል ካሜራ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ሰማያዊ መጋረጃ ነበረኝ። በእነዚህ ልጄን አሳደግኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ጾማችንን አላደርንም።

*

ካሜራዎቹን ቤት አምጥተን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ሚረርለስ ይሏቸዋል፤ ውስጣቸው መስተዋት የላቸውም። እኔ የሠራሁባቸው ሁሉ መስተዋት ነበራቸው፤ ስታነሺ ቀጭ ብሎ ይገለበጥና ይመለሳል። እነዚህ ድምፅ የላቸውም። ማንሳቴን እንኳን ለማወቅ ልጄን መጠየቅ ነበረብኝ።

ሁለቱም ለጀማሪ የተሠሩ ናቸው፤ ዋጋቸውም ተቀራራቢ ነው። አንደኛው ዓይን የሚያስጠጉበት መመልከቻ አለው። ከበድ ይላል፤ ሲይዙት እጅ ይሞላል። ስክሪኑ ግን አይገለበጥም። ሁለተኛው መመልከቻ የለውም። ስክሪኑ ወደ ጎን ወጥቶ ይዞራል። ክብደቱ ቀላል ነው፤ የሰውን ዓይን ፈልጎ የሚይዝበት ፍጥነት ያስደነግጣል። የሁለቱም ባትሪ ቶሎ ያልቃል፤ ለሠርግ ሁለት ትርፍ ባትሪ የግድ ነው። ሁለቱም የሚይዙት አንድ ሜሞሪ ካርድ ብቻ ነው። ያ ካርድ ከተበላሸ ሠርጉ ጠፋ ማለት ስለሆነ ምሳ ሰዓት ላይ ካርድ እንድትቀይር ነገርኳት። ሐይቅ ዳር ፀሐዩ ስክሪን አያሳይም፤ ስለዚህ መመልከቻ ያለው ይሻላል አልኳት።

«አንቺ በመመልከቻ ስለለመድሽ ነው። እስቲ እዪበት» አለችኝ።

በቀኝ ዓይኔ ተጠጋሁ። ጭጋግ ነው። ወደ ግራ ዓይኔ ሳዞረው ትንሽ መስኮት አየሁ፤ የመስኮቱም ዳር ዳሩ ተበልቷል። ፍሬሕይወት እያየችኝ እንደሆነ ስለገባኝ «ጥሩ ነው» አልኩ።

ሁለተኛው አንድ ሌላ ነገር ነበረው። ፊት ያለሰልሳል። ማዲያትን፣ ጠባሳን፣ መስመርን ራሱ ያጠፋል፤ ትንሽም ቀላ ያደርጋል። አብርሃም ከፍቶት ነው የሰጠን፤ ገዢዎቹ የሚወዱት ይሄንን ነው።

ከሰዓት በኋላ ዓሣ ወደሚሸጥበት ሐይቁ ዳር ሄድን። በሰው ፊት ያልተሞከረ ካሜራ አልተሞከረም። እዚያ የማውቃት ዓሣ ሻጭ አለች፤ አማረች ትባላለች። ቢላዋዋን ይዛ ቆማ ከሩቅ ተጣራች።

«እማማ! ጾም ነው ብለው እኔንም ጾሙኝ እንዴ? ስንት ጊዜዎ ነው ከጠፉ!»

«አንቺንስ አልጾምም። ፎቶ ላነሳሽ ነው የመጣሁት።»

«ዓሣ እኮ አያስገድፍም የሚሉ አሉ።»

«እኔ ከሚሉት ውስጥ አይደለሁም።»

«በሉ እሺ።» ሁለቱን ካሜራ አየች። «ምነው ሁለት? አንዱ ለብቻው ፊቴን አይችለውም?»

ፍሬሕይወት በሳቅ ሞተች። አማረች እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ አገጯን ቀና አደረገች። እኔ ጠጋ ብዬ ፊቷን አየሁት። ጠይም ናት። ሁለቱ ጉንጮቿ ላይ ፀሐይ ያወጣው ማዲያት አለ፤ የቀኙ ይሰፋል። ከአፏ ጥግ እስከ አገጯ አንድ መስመር ይወርዳል፤ ስትስቅ ይጠልቃል። በዚያ ፀሐይ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ይሄን ሁሉ አይቻለሁ። ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

ልጄ በአንደኛው አነሳቻት፤ ቀጥሎ በሁለተኛው። ከዚያ ሁለቱንም አሳየቻት።

«ውይ! ማዲያቴ የት ገባ?» አለች አማረች ሁለተኛውን ስታይ። «ይቺን በስልኬ ላኪልኝ። ያቺኛዋን አጥፊያት።»

«ያቺኛዋ ምን አደረገችሽ?» አልኳት።

«እሷማ አማቴ ናት!»

ዙሪያዋ ያሉት ሴቶች ሁሉ ሳቁ። አንዷ «አማትሽ ብትሰማ ዓሣውን ትታ አንቺን ነው የምትጠብስሽ» አለቻት።

*

ራቅ ብለን ዛፍ ሥር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን።

«አየሽ እማዬ? ሰው የሚፈልገው ይሄን ነው» አለችኝ።

«ማዲያቷን ወሰደባት።»

«ደስ ብሏት እኮ ነው! ደግሞ ካልፈለግሽው ይዘጋል። አንድ ቁልፍ ነው።»

«የእኔም አንድ ቁልፍ ነበር» አልኳት።

ከነፍስ አባቴ በቀር ለማንም ያልነገርኩትን ያን ጊዜ ነገርኳት።

አዲስ ከተማ በነበርኩበት ጊዜ ነው። አቶ ዳንጊሶ የሚባሉ ከገጠር የመጡ ሰው ልጃቸውን ለፈተና ፎቶ አመጡ። አስቴር ትባላለች። ከግራ ጉንጯ እስከ መንጋጋዋ የእሳት ጠባሳ ነበረባት። ካሜራው ፊት ስትቀመጥ ፊቷን አዞረች። አባቷ ውጭ ስለነበሩ በቀስታ «ይታያል?» አለችኝ። «አይታይም፣ የእኔ ቆንጆ» አልኳት።

ቃሌን ጠበቅኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ጠባሳውን አንድ በአንድ አጠፋሁት። ከዚያም ቀላ አደረግኳት። ለደግነት ብዬ ነው። ሳሳያት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ እንደዚያ ሲደሰት ያየሁት ደንበኛ ጥቂት ነው። በር ላይ ሰልፍ ነበር። ኮምፒውተሩ በነበረው ላይ ላስቀምጠው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በሌላ ስም አስቀምጥ ማለት ነበረብኝ። እሺ የሚለውን ተጫንኩ፤ ያልተነካው ፎቶ በዚያው ጠፋ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አቶ ዳንጊሶ ብቻቸውን መጡ። «አስቴር ሞተች» አሉኝ። «ፎቶ የላትም። ያን ቀን አንቺ ያነሳሻት ብቻ ነው። ትልቅ አድርጊልኝ፤ ቤት እሰቅለዋለሁ።» ጉርዱ የፈተና ወረቀቷ ላይ ተለጥፎ ትምህርት ቤት ስለቀረ ከዚያ በፊት አላዩትም ነበር።

ፋይሉን አገኘሁት። አሳትሜ ሰጠኋቸው። ብዙ ጊዜ አዩት።

«እህቴ፣ ይቺ የማን ልጅ ናት?»

«አስቴር ናት፣ አባቴ። ስሟ ተጽፎበታል።»

«ጠባሳዋስ?»

እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። የሁለት ጣታቸው ቆዳ ተጨማዶ ተጣብቋል። «እሳት ውስጥ ስትወድቅ ሦስት ዓመቷ ነው። ያወጣኋት እኔ ነኝ። ማታ ማታ ጉንጯን እኔ ነኝ ቅቤ የቀባሁት» አሉኝ።

እመልሰዋለሁ ብዬ ቀጠሮ ሰጠኋቸው። ሦስት ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም። ቆዳዋን አጠቆርኩት፤ ምን ያህል ጥቁር እንደነበረች ግን አላስታውስም። ጠባሳ ሣልኩላት፤ ቅርጹን አላውቀውም። ያየኋት አንድ ቀን ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ያየሁት እንዴት እንደማጠፋው ነበር። ጋሽ በላይነህ ቢሆኑ በፖስታው ላይ ይጽፉት ነበር። አቶ ዳንጊሶ መጥተው አዩት።

«ተዪው። አንቺም አታውቂያትም» አሉኝ። አልተቆጡም። ለድካሜ ሊከፍሉኝ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። እምቢ ስላቸው ሁለቱንም ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ትተው ሄዱ።

ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ። ስግደት ሰጡኝ፤ ፈጸምኩት። እግዚአብሔር ይቅር እንዳለኝ አምናለሁ። ያ አባት ግን ባዶ ግድግዳ ይዞ ቀርቷል፤ ይቅርታው ለእሱ ምን እንደሚያደርግለት አላውቅም።

ፍሬሕይወት ሁለቱን ካሜራዎች ፌስታሉ ውስጥ መለሰቻቸው።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

«አፍሬ።»

ጭኔ ላይ እጇን አሳረፈች። ቆይታ ግን እንዲህ አለችኝ፤ «እማዬ፣ አሁን እኮ ሰው ሁሉ ስልክ አለው። የሞተ ልጁን ፎቶ ፍለጋ እኔ ዘንድ የሚመጣ አባት የለም። የሚመጡት አማረችን የመሳሰሉ ናቸው።»

እውነቷን ነው። የጨነቀኝም እውነቷን መሆኑ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁበት ነገር ከእንግዲህ ማንም የማይፈልገው ሆኗል፤ እኔም ልጄን ማንም የማይፈልገውን ይዘሽ ተራቢ ልላት ነው።

*

ቤት ገብተን ሁለቱን የአማረች ፎቶዎች ላፕቶፕ ላይ ጎን ለጎን ከፈተችልኝ። ወንበር ስቤ ተጠጋሁ። የመጨረሻ ነገር ላስረዳት ፈለግሁ።

«ደስታዋን ተዪውና ፊቷን እዪው» አልኳት። «እውነተኛው ይሄ ነው። ማዲያቱ ይታይሻል? የቀኙ እንዴት እንደሚሰፋ? ይሄ ከአፏ ጥግ የሚወርደውን መስመር እዪው። ሃያ ዓመት ሐይቁ ዳር ቆማ የሳቀችው ሳቅ ነው። ያኛው ላይ ሴትየዋ የለችም። ይሄኛው ላይ አለች።»

ብዙ የማልናገር ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ተናገርኩ። ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ጠይምነቷ፣ ስለ ግንባሯ ነገርኳት። ጣቴ ግራ በኩል ያለው ፎቶ ላይ ነበር።

ፍሬሕይወት ወደ እኔ ዞረች።

«ምነው? አይታይሽም?» አልኳት።

«እማዬ» አለችኝ። ድምፅዋ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር። «ይሄ ካሜራው ያለሰለሰው ነው።»

ጣቴን አላነሳሁም። እንደገና አየሁ። ሁለት ፊት ነበር። ሁለቱም አንድ ነበሩ። ማዲያት የለም፤ መስመር የለም። የነገርኳት ሁሉ በፀሐይ ያየሁት ነው፤ ከትዝታዬ ነው የተናገርኩት። ስክሪኑ ላይ ምንም አላየሁም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

«ቆይቷል።»

«ሱቁን የዘጋሽው ለዚህ ነው?»

«ለዚህም ነው።»

አላለቀሰችም፤ እኔም አላለቀስኩም። ተነስታ የዓይን ጠብታዬን አመጣችልኝ። ሰዓቱ አልደረሰም ነበር። ግን ቀና አልኩና ጠብ አደረገችልኝ፤ ሌላ የምታደርገው አልነበራትም።

*

በማግስቱ ጠዋት አብርሃም ሱቅ ሄድን።

«እሺ፣ እትዬ አስካለ፣ የትኛው አሸነፈ?»

«እሷን ጠይቃት።»

«እንዴ! ዳኛዋ እርስዎ አልነበሩም?»

«ከዛሬ ጀምሮ የምታየው እሷ ናት» አልኩት።

አብርሃም ቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ተወው። የሥራ ዘመኔ ያበቃው ሱቄን በዘጋሁ ዕለት ይመስለኝ ነበር። ያበቃው እዚያ ቆሜ ያንን ስል ነው። ሽልማትም ሽኝትም የለም፤ አጠገቤ አንድ ሰው በስልክ ቻርጀር ዋጋ ይከራከር ነበር።

ፍሬሕይወት ሁለተኛውን አነሳች፤ የሚያለሰልሰውን።

«ይሄን» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «የሚዘጋበትን አሳየኝ» አለችው።

አሳያት። ወደ ውስጥ ገባ፣ አሁንም ወደ ውስጥ ገባ፣ አንድ ቁልፍ ተጫነ። «ይኸው ተዘጋ» አላት። «ግን ሳምንት ሳይሞላሽ ትከፍቺዋለሽ። ሁሉም ይከፍቱታል።»

«እናያለን» አለችው።

እኔ «እግዚአብሔር ይባርክልሽ» አልኳት። ከልቤ ነው ያልኩት። ጥርጣሬዬን ደግሞ በልቤ ነው የያዝኩት።

አሁን ሥራ ከጀመረች ወራት ሆኗታል። ቅዳሜና እሑድ ሐይቅ ዳር ትውላለች። ሁለት ሠርግ አገኘች። ቤታችን ውስጥ የጎደለ ነገር የለም፤ ከቅዳሴ ስመለስ ምሳ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። ይህን ለማመስገን እንኳን አፌ አይበቃም። ሰዎች «ልጅሽ ጎበዝ ናት፣ ፎቶዎቿ ያምራሉ» ይሉኛል። ያምራሉ ሲሉኝ አመሰግናለሁ፤ እንዴት እንደሚያምሩ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ማታ ማታ ግን እሷን እጠይቃታለሁ። «ፍሬ፣ ዘግተሽዋል?» «ዘግቼዋለሁ እማዬ።» መጀመሪያ ላይ ወዲያው ትመልስልኝ ነበር። አሁን ጥቂት ትቆያለች። መቆየቷ ድካም ይሁን ሌላ አላውቅም። ድሮ ቢሆን ፊቷን አይቼ እለየው ነበር።

እግዚአብሔርን ሳላየው አምኜ ኖሬያለሁ፤ አልከበደኝም። ልጄን ግን እስከ ዛሬ ያመንኳት እያየኋት ነበር። ሳላይ ማመንን በእሷ አልተማርኩትም።

ባለፈው እሑድ ቦርሳዋን ስታዘጋጅ ጠየቅኳት። ባትሪዎቹን መቁጠር አቆመች።

«እማዬ፣ ብከፍተውስ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ለክፋት አይደለም፤ ደክሟት ነው።

«አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

«የቀረኝ ሥራ እሱ ስለሆነ ነው» አልኳት።

ጉንጬን ስማኝ ወጣች። ሰኞም ጠየቅኳት።